ክቡ ሜዳ፦ የሰርከስ ክዋኔ በአዳማ ዳርቻና የሂሳችን ዝምታ

በሥነጽሑፍ ትምህርት ክፍሎቻችን ሂስ ሲባል፣ እንደሚታወቀው፣ አስቀድሞ ወደ አእምሯችን የሚመጣው የታተመ ነገር ነው። ልብወለዱ፣ የግጥም መድበሉ፣ ቢበዛ ደግሞ የተውኔቱ ጽሑፍ። ተውኔትን እንኳ ስንመረምር ብዙ ጊዜ የምንመረምረው ቃለ ተውኔቱን እንጂ መድረክ ላይ የሆነውን አይደለም፤ ተማሪዎቻችንም "ገጽ ስንት ላይ ነው?" መባልን ስለለመዱ ገጽ የሌለው ነገር ሲያጋጥማቸው እጃቸውን አጣምረው ይቆማሉ። እኔም ከዚህ ልማድ ነፃ አይደለሁም። በዚህ ጽሑፍ የማነሣው ግን ገጽ የሌለውን፣ ቃልም ጥቂት ብቻ ያለበትን፣ በአዳማ ከተማ ጫፍ በአፈር ሜዳ ላይ የሚከወነውን የወጣቶች ሰርከስ ነው።

"ኪነጥበብ የተዘነጋን ሰፈር በአዲስ ዓይን እንድናይ ያደርገናል" የሚለው አባባል ዛሬ በየዐውደ ጥናቱ ይሰማል። የፕሮጀክት ሰነድ የሚያዘጋጁ ሰዎችም ይወዱታል። አባባሉን ለመቀበልም ለመጣልም አልቸኩልም፤ ነገር ግን "አዲስ ዓይን" የተባለው የማን ዓይን እንደሆነ ሳይነገር መታለፉ ያሳስበኛል። ሰፈሩን የሚያየው ከመሃል ከተማ የመጣው እንግዳ ነው ወይስ እዚያው ተወልዶ ያደገው ልጅ? ክዋኔው ሲያበቃስ ያ ዓይን ከማን ጋር ይቀራል? እኔ የምከራከረው ክዋኔ አንድን ዳርቻ በአዲስ መልክ የሚያሳየው መልእክት ይዞለት ሲሄድ ሳይሆን ሜዳው ራሱ የክዋኔውን ሥርዓት እንዲወስን ሲፈቅድለት ነው ብዬ ነው። ይህም ሆኖ ሰፈሩ ነገ በራሱ ፈቃድ በዚያው ሜዳ መሰብሰብ ካልቻለ ነገሩ ከአንድ ከሰዓት በኋላ ትርኢት አያልፍም።

"ዳር" የሚለው ቃላችን ራሱ ጥቂት ትኩረት ይሻል። የተጀመረ ሥራ ሲጠናቀቅ "ከዳር ደረሰ" እንላለን። ከጠቡም ከሥራውም የማይገባውን ሰው ግን "ዳር ቆሞ ያያል" እንለዋለን፤ ሐሳቡን በግልጽ የማያወጣው ደግሞ "ዳር ዳር ይላል"። በቋንቋችን እንግዲህ ዳር የቆመ ሰው ተመልካች ነው፤ ድርጊት ያለው መሃል ነው። የአማርኛ ልብወለድም ይህንኑ አሰላለፍ ተቀብሎ የኖረ ይመስለኛል። ገጠሩን ያውቃል፤ ሐዲስ ዓለማየሁ በፍቅር እስከ መቃብር (1958 ዓ.ም.) የጎጃምን ገጠር ከነሥርዓቱ አስፍረውልናል። መሃል ከተማውንም ያውቃል፤ ከስብሐት ገብረእግዚአብሔር ሌቱም አይነጋልኝ ላይ ውቤ በረሃ ቢነሣ የሚቀር ነገር የለም። በሁለቱ መካከል ያለው፣ ማሳው ገና ሳይጠፋ ቆርቆሮው የበቀለበት፣ ሴትዮዋ ጠዋት ኩበት ጠፍጥፋ ከሰዓት በባጃጅ ገበያ የምትወርድበት ሥፍራ ግን በአብዛኛው መተላለፊያ ነው፤ ገጸባሕርያቱ ያልፉበታል እንጂ አይኖሩበትም። ይህን አጠቃላይ አስተያየት የሚያፈርስ ሥራ የሚጠቁመኝ አንባቢ ቢኖር ደስታውን አልችለውም።

አዳማ ለዚህ ጥያቄ የምትመች ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ አንድ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ በስምጥ ሸለቆው ውስጥ፣ በኮረብታዎች መካከል እንደ ገበታ ተዘርግታ ትገኛለች። ስሟ ራሱ ሥፍራን በምናብ የመሥራት ታሪክ አለው። በኦሮምኛ ከቁልቋል ጋር የሚያያዘው አዳማ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ከመጽሐፍ ቅዱሱ ከተማ በተወሰደው ናዝሬት ተተካ፤ በ1992 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ቀድሞው ተመለሰ። ዛሬም አንዳንድ ረዳት እንደ ዕድሜውና እንደ ስሜቱ ሁለቱንም ይጣራል። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባበት ጊዜ ጀምሮ ከተማዋን ብዙ ሰው የሚያውቃት በመስኮት ነው፤ በባቡር መስኮት፣ ቀጥሎም በአውቶቡስና በጭነት መኪና መስኮት። የቅርቡ ዘመን ታላላቅ ሥራዎች ደግሞ ያረፉት በዳርቻዋ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጣው የፍጥነት መንገድ በ2007 ዓ.ም. ተከፈተ። በኮረብታዎቹ ላይ የተተከሉት የንፋስ ኃይል ማመንጫዎች፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የተመረቀው ባለ 51 ሜጋ ዋትና እ.ኤ.አ. በ2015 የተከተለው ባለ 153 ሜጋ ዋት፣ ከሩቅ ይታያሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 መደበኛ አገልግሎት የጀመረው አዲሱ ባቡርም ጣቢያው የቆመው እንደ አሮጌው ለገሃር በከተማዋ እምብርት ሳይሆን ውጭ ነው። ስለዚህ "የተዘነጋ ዳርቻ" ስንል መንግሥት ያልደረሰበት ማለታችን አይደለም። ደርሶበታል፤ በብረትና በኮንክሪት ደርሶበታል። የተዘነጋው በምሰሶዎቹ ሥር ያለው ኑሮ ነው፤ ከኮረብታው በክረምት የሚወርደው ጎርፍ የሚቦረቡረው መንደር፣ በበጋ አቧራው ዓይን የማያስገልጠው ሜዳ።

ወደ ሜዳው ከመሄዴ በፊት ግን በዚያው ዓይነት ሜዳ ላይ ከሰርከሱ ቀድሞ የቆመውን ማስታወስ ይገባል። ዘመናዊው ተውኔታችን ከተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ፋቡላ ጀምሮ የአዳራሽ ልጅ ነው። ሀገር ፍቅር በ1927፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ደግሞ በ1948 ዓ.ም. ሲቋቋሙ ክዋኔው ጣሪያ፣ መጋረጃና ትኬት አገኘ፤ ሁሉም በመዲናዪቱ ውስጥ። ክዋኔን በገፍ ወደ ሰፈር ያወረደው በ1967 ዓ.ም. የቀበሌ መዋቅር ከቆመ በኋላ የተስፋፋው የቀበሌ ኪነት ነው። ስለ ቀበሌ ኪነት መሳለቅ ቀላል ነው፤ የዘመኑ መፈክር ከነሆታው በግጥሙ ላይ ተለጥፎ ስለነበር መዝሙሩና ድራማው አንድ ድምፅ ብቻ ነበራቸው። ቢሆንም ፍትሐዊ እንሁን። መድረክን በሩቅ እንኳ አይተው የማያውቁ የሠራተኛና የገበሬ ልጆች ማይክሮፎን የጨበጡት፣ ሙዚቃ መሣሪያ የነኩት በዚያ በር ገብተው ነው፤ ኋላ ስመ ጥር የሆኑ ከያንያንም ከዚያ ወጥተዋል። ጉድለቱ ሰፈሩ ስለ ራሱ እንዲናገር የተጠራበት መድረክ የሚናገረው አስቀድሞ ተጽፎ የመጣ መሆኑ ነበር።

በኋላ የመጡት የፀረ ኤድስ ክበባት ድራማዎችም ከዚህ ቅርጽ ብዙ አልራቁም። አዳማ በጅቡቲ መሥመር ላይ ያለች የከባድ መኪና ማደሪያ በመሆኗ ጉዳዩ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነበር፤ ይህንን አልዘነጋም። ከቅርጽ አንጻር ሲታይ ግን መፈክሩ ተቀየረ እንጂ አሰላለፉ ያው ነው። አንዱ ያውቃል፣ ሌላው ይሰማል።

ሰርከሱ የመጣው በእነዚህ መካከል ነው። ሰርከስ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 አዲስ አበባ ውስጥ ከተመሠረተ በኋላ በዚያው አሥር ዓመት በጅማ፣ በመቀሌና በናዝሬት ተመሳሳይ ቡድኖች ተቋቋሙ። እ.ኤ.አ. በ1998 ደግሞ ሰርከስ ደብረ ብርሃን ተከተለ። ድንኳን፣ አንበሳና ዝሆን የሌለበት፣ አካልና ከበሮ ብቻ የያዘ ሰርከስ ነው፤ ትዕይንቱንም ብዙ ጊዜ በሜዳ ላይ ያለ ክፍያ ያሳይ ነበር። ዛሬ በአዳማ ሰፈሮች ምንጣፍ አንጥፈው የሚገለባበጡት ልጆች የእነዚያን ቡድኖች ስም ላያውቁ ይችላሉ። ሙያው ግን ከታላቅ ወደ ታናሽ፣ ከአሠልጣኝ ወደ ሠልጣኝ እየተላለፈ የመጣ ነው። ስነቃል ከዚህ ሌላ እንዴት ይተላለፋል?

በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት ውስጥ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በከተማዋ ደቡብ በኩል፣ በቦኩ አቅጣጫ፣ በቦረቦር አፋፍ ላይ ባለ ሜዳ አንዱን እንዲህ ያለ ቡድን አየሁ። መሣሪያቸው ሁለት ፍራሽ፣ አንድ ያረጀ ምንጣፍ፣ ከበሮና ከባጃጅ ባትሪ ጋር የተያያዘ ድምፅ ማጉያ ነበር። አንድ ትንሽ ልጅ ክዳኑ የተበሳ ሃይላንድ ይዞ እየዞረ ውሃ በማንጠባጠብ አፈሩ ላይ ክብ ሣለ። መድረኩ ይኸው ነው። እርጥቡ መሥመር በአቧራው ላይ ጥቁር ሆኖ ሲታይ ሕፃናቱ ጣታቸውን እንኳ አላሻገሩትም። ነገር ግን የጥቅምት ፀሐይ ነውና ትዕይንቱ እኩሌታ ሳይደርስ መሥመሩ ደረቀ፤ በደረቀ መጠንም ሰዉ እያንዳንዷን እርምጃ እየቀረበ፣ ክቡ እየጠበበ ሄደ። በመጨረሻ ተገለባባጮቹ ሲያርፉ አቧራው ፊት ለፊት በተቀመጡት እናቶች ነጠላ ላይ ይበተን ነበር። በአዳራሽ ውስጥ በመድረኩና በታዳሚው መካከል ያለውን ወሰን ለማፍረስ ስንት አዘጋጅ ስንት ተጨነቀ! እዚህ ፀሐይ አፈረሰችው።

መንገዱ በሜዳው መሃል ስለሚያልፍ ጋሪ መጣ። ባለጋሪው አልቆመም፤ ለምን ይቆማል? መንገዱ የእርሱ ነው። ቀልደኛው ልጅ ሮጦ ወጥቶ እንደ ተራ አስከባሪ ፊሽካ ነፋና ኮቴ የሚባል ክፍያ ጠየቀው። ባለጋሪው መጀመሪያ ተቆጣ፤ ቀጥሎ ነገሩ ሲገባው ኪሱን ገልብጦ ባዶነቱን አሳየ። ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ሁለተኛው ጋሪ ሲመጣ ቀልደኛው ያንኑ ቀልድ አልደገመም፤ የተገጣጠሙት ልጆች ተለያይተው አሳለፉትና ተመልሰው ገጠሙ። እኔ በዚያ ከሰዓት ካየሁት ሁሉ ለጥበብ የቀረበው ይህ ሁለተኛው ነው። ክቡ ተከፍቶ ተዘጋ፤ ሜዳው መንገድም መድረክም እንደሆነ ያለ አንድ ቃል ተነገረ።

ፒተር ብሩክ እ.ኤ.አ. በ1968 በታተመው ባዶው ሥፍራ በተሰኘ መጽሐፉ ማንኛውንም ባዶ ቦታ መድረክ ብሎ መውሰድ እንደሚቻል ይከራከራል። የቲያትር ተማሪዎቻችን ይህንን ሐሳብ እንደ ውዳሴ ይደግሙታል። ለአዳራሽ ሰው ትምህርቱ ትልቅ ነው። በአዳማ ዳርቻ ግን ባዶ ሥፍራ የለም። ሜዳው ከብት መዋያ ነው፣ የጋሪ መንገድ ነው፣ የልብስ ማስጫ ነው፣ ለአንዳንዱም የነገ ቤቱ መሠረት ነው። "ባዶ" የሚለው ቃል እንዲህ ባለ ሥፍራ ላይ ሲነገር የሚያስፈራኝ ለዚህ ነው፤ ከያኒውም ሆነ ቦታ ለመውሰድ የሚመጣው ሰው ሥራቸውን የሚጀምሩት በዚያው ቃል ነውና። የእነዚህ ልጆች ብልኃት ቦታውን ባዶ አድርገው አለመነሣታቸው ነው።

ከዚያ ቢጫ ጀሪካኖቹ ወጡ። አሥር ልጆች አራት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ ሆነው ፒራሚድ ሠሩ፤ ጀሪካኑ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበለ ጫፍ ላይ ወደቆመችው ትንሽ ልጅ ደረሰ። ልጅቱ ጀሪካኑን ዘቀዘቀችው። ጠብ ያለ ነገር አልነበረም። ለአፍታ ሳቅ ተሰማ፣ ከዚያ ሳቁ በራሱ ቆመ፤ አጠገቤ የነበሩ ሴትዮ ለጎረቤታቸው "ዛሬም አልመጣም ማለት ነው" አሉ። ይህ ትእምርት በየትኛውም የግጥም መድበል ውስጥ ቢገኝ አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ እናስተምርበት ነበር። ጀሪካን በዚያ ሰፈር የውሃ ወረፋ ነው፣ የሴቶች ወገብ ነው፣ ከትምህርት ቤት የሚቀር ልጅ ነው። ልጆቹ ዕቃውን ከዚህ ሁሉ አውጥተው አላስጌጡትም፤ ከነሸክሙ ከፍ አደረጉት እንጂ።

ይሁን እንጂ የማመሰግነው ሁሉንም አይደለም። በመሃል የገባው አሥር ደቂቃ የሚሆን ጭውውት ስለ ሕገ ወጥ ስደት ነበር፤ ደላላው በድምፅ ማጉያ ይጮኻል፣ እናት ታለቅሳለች፣ አንድ ልጅ መጨረሻ ላይ ወደ ታዳሚው ዞሮ ምክር ይሰጣል። ጀሪካኑን ያሰበ አእምሮ ይህን እንዴት አሰበ? መልሱ ቀላል ይመስለኛል፤ ይህ ክፍል ከውጭ የተለገሰ ነው፤ ቅርጹ የቀበሌ ኪነቱና የክበባቱ ቅርጽ ነው፣ ርዕሰ ጉዳዩ ብቻ ታድሷል። ሰዉም ወዲያው አወቀው። ጨዋታ ተጀመረ፣ ቆሎ ዞረ፣ ሕፃናቱ ወደ ቦረቦሩ አፋፍ ሄዱ። ጭውውቱ ሲያልቅ አንዲት እናት ደላላውን የተጫወተውን ልጅ ጠርተው "የኔ ልጅ፣ ደላላ እኮ እንዲህ አይጮኽም" አሉት። ልጁም "እሺ እማማ፣ እንዴት ነው የሚናገረው?" ብሎ ቁጢጥ አለ። እርሳቸውም በለሆሳስ፣ እንደሚያባብል ሰው፣ አሳዩት። ልጁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲደግም በዙሪያው የነበሩት ዝም አሉ። በዚያ ቀን ሃያሲ እኔ አልነበርኩም፤ እርሳቸው ነበሩ። ሂሳቸውም የጭብጥ ሂስ አልነበረም፤ የትወና ሂስ፣ ከዚያም አልፎ የእውቀት ሂስ ነበር። ደላላው እንዴት እንደሚናገር የሚያውቀው ደጁ የተንኳኳበት ነው።

ብራዚላዊው አውጉስቶ ቦዋል በተጨቋኞች ቲያትር ንድፈ ሐሳቡ ታዳሚው ተነሥቶ ተዋናዩን እንዲተካ፣ ታሪኩንም እንዲያስተካክል ይጋብዛል። በአዳማው ሜዳ ግን ሴትዮዋን የጋበዘ ማንም የለም፤ መሥመሩ ስለደረቀ ገቡ። ይህ ድንገት የተገኘ ነገር በሚቀጥለው ቅዳሜ ሥርዓት ሊሆን ይችላል ወይ የሚለው ነው ቁም ነገሩ።

እዚህ ላይ የቋንቋ ጉዳይ ይመጣል። በዚያ ሜዳ ላይ ኦሮምኛና አማርኛ ሳይተራረሙ ይቀላቀላሉ፤ ከደቡብ የመጡ የግንባታ ሠራተኞችም ነበሩ። የሰርከሱ ዝምታ ሁሉንም እኩል ያስቀምጣል፤ ቋንቋ መርጦ ማንንም ዳር አያቆምም። ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። ነገር ግን ዋጋ አለው። ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ እ.ኤ.አ. በ1977 ከናይሮቢ ወጣ ባለችው በካሚሪቱ መንደር ያደረገውን ማነጻጸር ይቻላል። ካሚሪቱ በእንግሊዝ የአስቸኳይ ጊዜ አስተዳደር ሰዎች ተጠርገው የሠፈሩባት፣ የጫማ ፋብሪካና የሻይ እርሻ ሠራተኞች የሚኖሩባት ዳርቻ ነበረች። መንደርተኞቹ ክፍት መድረካቸውን በገዛ እጃቸው ሠሩ፤ ተውኔቱ በኪኩዩ ሲዘጋጅ እነርሱ ራሳቸው ንግግሩን፣ ዘፈኑን፣ ታሪኩን አረሙ። ሳምንታት ሳይቆይ ታገደ፤ ንጉጊ በዚያው ዓመት ማብቂያ ታሠረ፤ መድረኩም እ.ኤ.አ. በ1982 ፈረሰ። መንግሥት ያንን መድረክ የፈራው መንደሩ በራሱ ቋንቋ ስለ መሬትና ስለ ደመወዝ ስለተናገረበት ነው። ባዶ ጀሪካን ማንም አያግድም። ጀሪካኑ ይናገራል፤ ሆኖም ለማን እንደሚናገር፣ ማን መልስ መስጠት እንዳለበት አይጠራም። ዝምታው ሁሉን ሲሰበስብ ተጠያቂውንም አብሮ ያስመልጣል።

ሌላው የሚያሳስበኝ ሰዎቹ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1996 እንግሊዛዊው የውዝዋዜ አዘጋጅ ሮይስተን ማልዱም አዲስ አበባ ውስጥ አንድ መቶ ያህል የጎዳና ልጆችን ይዞ ካርሚና ቡራናን አቀረበ፤ ከዚያ ሥራ አዱኛ የማኅበረሰብ ዳንስ ቲያትር ተወለደ። ከአዱኛ ከወጡት መካከል ጁነይድ ጀማል ሰንዲ እ.ኤ.አ. በ2004 ከጃፓናዊው ኮሪዮግራፈር ሳቡሮ ተሺጋዋራ ጋር ለመሥራት ተመረጠ፤ በኋላም ከአዲሱ ደምሴ ጋር ዴስቲኖ የተባለውን የዳንስ ቡድን አቋቋሙ። የሊድስ ዩኒቨርሲቲዋ ጄን ፕላስቶ ስለ አዱኛ ጽፋለች፤ እኛ በአማርኛ ምን ጻፍን? ይህ ታሪክ ያስደስታል፤ ከጎዳና ዳር እስከ ዓለም መድረክ ነው። ግን ልብ እንበል፦ የተለወጠው የሰውየው ዕጣ ነው። ልጁ ወጣ፤ ጎዳናው እዚያው ቀረ። ሰርከስም እንዲሁ ጎበዞቹን ወደ ውጭ ይልካል። ማንም ልጅ "ሰፈርህን ለማስዋብ እዚህ ቅር" ሊባል አይገባውም፤ እንዲህ ብሎ የሚፈርድ ሃያሲ ካለ መጀመሪያ የራሱን ፓስፖርት ያስረክብ። የምለው ሁለቱን ስኬቶች አናምታታ ነው፤ ከዳርቻ ሰው ማውጣትና ዳርቻን መለወጥ የተለያዩ ናቸው።

ታዲያ ዳርቻን የሚለውጥ ክዋኔ አለ ወይ? ሩቅ መሄድ የሚያስፈልግ አይመስለኝም። ከአዳማ ጎረቤት በሆነው በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ እናት ለልጇ በሠርጓ ቀን የምትሰጣት ሲንቄ የምትባል ቀጭን በትር አለች። አንዲት ባለትዳር ሴት መብቷ ሲደፈር፣ በተለይም በአራስነቷ ስትመታ፣ ጩኸት ታሰማለች፤ ሴቶቹ ሲንቄያቸውን ይዘው፣ ቤቱንም ከብቱንም ጥለው፣ እየዘፈኑ ይወጣሉ። ሽማግሌዎች ጉዳዩን ሰምተው በዳዩ እስኪክስ ድረስ አይመለሱም። ይህን በክዋኔ ዓይን እንመልከተው። አልባስ አለው፣ ቁስ አለው፣ ዜማ አለው፣ የመውጣትና የመመለስ ቅደም ተከተል አለው፣ ታዳሚም አለው። ከሁሉ በላይ ግን ከመንደር ውጭ ያለውን ሥፍራ፣ ሴቶቹ የተቀመጡበትን የዛፍ ጥላ፣ ለጊዜው የችሎት መሃል ያደርገዋል። ሽማግሌው ከመሃል ተነሥቶ ወደ ዳር መምጣት አለበት። "ዳር ቆሞ ማየት" የሚለው አባባላችን እዚህ ተገለበጠ፤ ዳር የቆመችው ትፈርዳለች።

ሲንቄን ከሰርከስ ጋር ማስተያየቴ ሁለቱን እኩል ለማድረግ አይደለም። አንዱ ከኦሮሞ ሥርዓት ውስጥ የበቀለ፣ የሕግ ኃይል ያለው ነው፤ ሌላው ከውጭ መጥቶ የተላመደ የወጣቶች ጥበብ ነው። "ባህልን ከዘመናዊ ጥበብ ጋር እናዋህድ" በሚል ሲንቄ ተይዞ በፒራሚድ ጫፍ ላይ ቢቆም አዝናለሁ። የማነጻጸሩ ጥቅም መለኪያ ማግኘቱ ላይ ነው። የሲንቄ ክዋኔ ማንም ሳይጋብዘው በራሱ ጊዜ ይጠራል፤ የጠራውም አካል መልስ ይዞ የመምጣት ግዴታ አለበት። ያየሁት የሰርከስ ክብ የመጀመሪያውን በከፊል አለው፤ ሁለተኛውን የለውም። ሴትዮዋ ደላላው እንዲህ አይናገርም ሲሉ የክቡን ሥልጣን ለአንድ አፍታ ያዙ፤ ስለ ጀሪካኑ "ዛሬም አልመጣም" ያሉት ግን ለጎረቤታቸው ነበር፤ ሌላ ሰሚ አልነበረማ።

እኛ የሥነጽሑፍ ሰዎች በዚህ ውስጥ ድርሻ አለን። ፈቃደ አዘዘ የስነቃል መምሪያን (1991 ዓ.ም.) ካበረከቱልን ወዲህ ስነቃልን ከከዋኙ፣ ከታዳሚውና ከአጋጣሚው ነጥሎ መሰብሰብ ጎደሎ እንደሆነ ተምረናል፤ ቢያንስ ለፈተና እንጽፈዋለን። ነገር ግን ይህን ትምህርት የምንወስደው ወደ ገጠር ብቻ ነው። ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፉን ሊሠራ የለቅሶና የሠርግ ግጥም ፍለጋ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ አውቶቡሱ ከመናኸሪያ ሲወጣ በመስኮቱ በኩል ያለፈው ሜዳ ላይ የሚከወነው አይታየውም። ለከተማ ዳርቻ ክዋኔ የሚሆን ቃላትም አላበጀንም። ክቡ ተከፍቶ የተዘጋበትን ቅጽበት ምን ብዬ ልጥራው? ደበበ ሰይፉና ጓደኞቹ በዘመናቸው ለሥነጽሑፍ ሂስ የሚሆኑ ስያሜዎችን ለማበጀት የደከሙትን ያህል እኛ ለዚህ አልደከምንም። ስያሜ የሌለው ነገር ደግሞ ሲጠፋ የሚያመለክት የለም። የአዱኛን ሥራ በእንግሊዝኛ ማንበባችን ለዕውቀት አይጎዳም፤ ተከራካሪው ግን ሌላ ሰው ሆነ ማለት ነው።

የራሴም ማስታወሻ ከዚህ ትችት አያመልጥም። ያንን ከሰዓት የጻፍኩትን አሁን ስመለከተው የጭውውቱን ንግግር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ገልብጬዋለሁ፤ የማይረባውን ማለት ነው፤ ቃል ስለነበረው። ከበሮው የትኛውን ምት እንደመታ፣ ጋሪው ሲመጣ ምቱ መቀየር አለመቀየሩን፣ ልጅቱ ጀሪካኑን በየትኛው እጇ እንደያዘች አልጻፍኩም። ልማድ ክፉ ነው። የጻፍኩት አንድ ጠቃሚ ነገር የክቡን ስፋት ነበር፤ ልጁ ውሃውን አንጠባጥቦ ሲጨርስ ከዳር እስከ ዳር በእርምጃ ለክቼው ሃያ ሁለት ሆነ።

ባለፈው ዓመት በዚያው በኩል ሳልፍ ሜዳው በቆርቆሮ ታጥሮ አገኘሁት። ሁሉም አይደለም፤ በቦረቦሩ በኩል ያለው ቁራጭ ቀርቷል፤ የጋሪው መንገድም ወደዚያው ተገፍቷል። ልጆቹ ፍራሻቸውን እዚያ አንጥፈው ይለማመዱ ነበር፤ ጥቂቶቹን አውቄያቸዋለሁ፣ ብዙዎቹ ግን አዲሶች ናቸው። የተረፈውን ስፍራ ስለካው አሥራ አራት እርምጃ ሆነ። ፒራሚዱንም ከአሥር ሰው ወደ ስድስት አውርደውታል፤ አራት በአራት ሆነው ሲቆሙ ዳር ያለው ልጅ እግሩ ቦረቦሩ ላይ ይንጠለጠላል አሉኝ።